ሌሊት የሚያየው ዘበኛው ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ። ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ ግቢውን ዞሬ ስመለስ ቀና ብል ሰማዩ መሃል ላይ መብራቶች አየሁ። ብዙ ናቸው። እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው፣ ምንም ድምፅ ሳያሰሙ፣ ወደ ጅሬን አቅጣጫ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ጠዋት ለባልደረቦቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። አለቃዬ ግን አልሳቀም፤ ተቆጣኝ። «ተኝተህ አልመህ ነው፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ እንዳልሰማ» አለኝ። በኋላ ስልኬ ላይ ስፈልግ፣ አሜሪካ ውስጥ ዩፎ (ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) ኒውክሌር ሚሳይሎች ያሉበት ቦታ መጥቶ ሚሳይሎቹን አጠፋቸው የሚሉ የቀድሞ የጦር መኮንኖች አገኘሁ። እነሱም ጋ መጀመሪያ ያዩት ዘበኞች ናቸው። ይህ ነገር እውነት ነው ወይ? እኔ ያየሁትስ ምንድን ነው? መብራቱን ያጠፉት እነሱ ይሆኑ እንዴ? አደራ፣ ስሜን እንዳይጽፉብኝ።
የመጋዘን ዘበኛ፣ ከጅማ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልተኛህም፤ አላለምክምም። ያልከውን ነገር አይተሃል። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ሰው የሚጎዳው በሰማዩ መብራት ሳይሆን ጠዋት በሚስቁበት ሰዎች ስለሆነ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ እመለስበታለሁ።

ካንተው ልጀምር። ተደርድረው የሚሄዱ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ ሊነጋ ሲል የሚታዩ መብራቶች ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው ብዬ አስባለሁ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሰማይ እየተላኩ ነው። አንድ ሮኬት በርካታ ሳተላይቶችን ባንዴ ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደየቦታው ይበታተናል። በመጨረሻ የሚቀመጡት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የራሳቸው አምፖል የላቸውም። 11 ሰዓት ላይ አንተ ገና ጨለማ ውስጥ ነህ። እነሱ ግን በጣም ከፍ ስላሉ ፀሐይዋ ቀድማ ታገኛቸዋለች። የምታየው የፀሐይዋን ነጸብራቅ ነው።

አንድ ነገር አስታውስልኝ። ከአድማስ ተነስተው መጡ ወይስ ሰማዩ መሃል ላይ ድንገት ቦግ አሉ? «ሰማዩ መሃል ላይ አየሁ» ብለሃል። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ተራ በተራ ቦግ ያሉ ከሆነ፣ ከመሬት ጥላ ወጥተው ወደ ፀሐይ ብርሃን ሲገቡ ነው ያየሃቸው። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው። ጅሬን ደግሞ ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ነው። ሊነጋ ሲል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰልፍ በደንብ ይገጥማል።

መብራቱስ? መብራት የጠፋባቸውን ሌሎች ሌሊቶች እስቲ ቁጠራቸው። በእነዚያ ሌሊቶች ሰማይ ላይ ምን ነበር? ምንም። ሁለት ነገር በአንድ ሌሊት ሲሆን አእምሯችን ያስተሳስራቸዋል። እንዲህ የተፈጠርን ነን፤ አንተ ብቻ አይደለህም። የአሜሪካው የሚሳይል ታሪክም የተጋመደው በዚሁ ቋጠሮ ነው። እሱን ረጋ ብለን እንፍታው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ሞንታና የሚባል ሰፊ ገጠር ያለበት ግዛት አለ። እዚያ የማልምስትሮም አየር ኃይል ሰፈር አለ። ሚኒትማን የሚባሉት አህጉር ተሻጋሪ ሚሳይሎች በገበሬው ማሳ መሃል መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። አሥር አሥር ሆነው ይመደባሉ። ለእያንዳንዱ አሥር፣ 18 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች አንዲት የብረት ክፍል አለች። ሁለት መኮንኖች እዚያ ውስጥ ተቆልፈው ያድራሉ። ከላይ በሩን የሚጠብቁት ዘበኞች ናቸው።

መጋቢት 16 ቀን 1967፣ በቦታው ሰዓት፣ በኛ አጠራር ከጧቱ 2፡45 ላይ፣ ኤኮ የሚባለው ምድብ አሥሩም ሚሳይሎች ከዝግጁነት ወጡ። የተበላሹት በአሥር ሰከንድ ውስጥ ተከታትለው ነው። ይህ ወሬ አይደለም። ያኔ የተላከው ወታደራዊ ቴሌክስ (የጽሑፍ መልእክት) በኋላ ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። ምክንያቱ ወዲያው ስላልታወቀ የበላይ አዛዦቹን በጣም እንዳሳሰባቸው በግልጽ ይናገራል።

በዚያው ወር ሌላ ታሪክ አለ። ሮበርት ሳላስ ያኔ ወጣት መቶ አለቃ ነበር። እንደሚተርከው፣ ኦስካር በሚባለው ምድብ ከመሬት በታች ተረኛ ሆኖ ሳለ ዘበኛው ስልክ ደወለለት። ሰማይ ላይ እንግዳ መብራቶች አሉ አለው። ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው እየጮኸ ደግሞ ደወለ። ቀይ የሚያበራ ነገር በሩ ፊት ለፊት ቆሟል አለ። ከዚያ ሚሳይሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሳላስ እንደሚለው የጻፉትን ማስታወሻ ወሰዱባቸው፤ ለማንም እንዳይናገሩም አስፈረሟቸው። ለሕዝብ መናገር የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በመስከረም 2010 ደግሞ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ዋሽንግተን ላይ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ። ስልክህ ላይ ያየሃቸው እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ሳላስ ራሱ ምንም አላየም። የነበረው 18 ሜትር መሬት ውስጥ ነው። ያየው ዘበኛው ነው። ዓለም ሁሉ የሚያወራው በስልክ የሰማውን መኮንን ነው። ይህ ያንገበግበኛል። የዚያ ዘበኛ የራሱ ጽሑፍ፣ ሰዓቱና አቅጣጫው ተጽፎበት፣ ያኔውኑ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስንት ክርክር ባለቀ! ሳላስ መጀመሪያ የነበርኩት ኤኮ ላይ ነው ይል ነበር፤ ቆይቶ ሌላ ምድብ ጠራ፤ በመጨረሻ ኦስካር አለ። ውሸታም ነው አልልም። ከሠላሳ ዓመት ዝምታ በኋላ ወረቀት የሌለው ሰው እንዲህ ይሆናል።

የኤኮን ብልሽት ሚሳይሎቹን የሠራው የቦይንግ ኩባንያ መሐንዲሶች መርምረውታል። ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ምት በመቆጣጠሪያው ውስጥ ቢያልፍ ሚሳይሎቹን እንደዚያ ሊያጠፋቸው እንደሚችል ሞክረው አሳዩ። ምቱ ከየት መጣ ለሚለው ግን ቁርጥ ያለ መልስ አላገኙም። የጦር ክፍሉ ይፋ ታሪክ፣ በሰዓቱ ዩፎ ታይቷል የሚለው ወሬ ተጣርቶ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል ይላል። በ2025 ደግሞ ዎል ስትሪት ጆርናል የሚባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ሌላ ነገር ይዞ ወጣ። ሳላስ የሚለው ቀይ ነገር አየር ኃይሉ ራሱ የሠራው የሙከራ መሣሪያ ነው፤ ሚሳይሎቹ የኒውክሌር ፍንዳታ የሚፈጥረውን የኤሌክትሮማግኔት ምት ይችሉት እንደሆነ ለማየት ነው፤ ተረኞቹ ግን አልተነገራቸውም የሚል ዘገባ ነው። ይህ ልክ ከሆነ ዘበኛው ያየው በእርግጥ የነበረ ነገር ነው። ያሳሳቱት የገዛ አለቆቹ ናቸው ማለት ነው። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

አሁን የኔን ልንገርህ።

ጅማ ከመምጣቴ በፊት ወታደር ነበርኩ፤ የራዳር ባለሙያ። በኛ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ኮረብታ ላይ ባለች አንዲት ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ሊነጋ ሲል ስክሪኑ ላይ ሰፋ ያለ ነጥብ ወጣ። ሌላ ጊዜ ምንም በማይታይበት ርቀት ላይ ነው። ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ደንቡ እንደሚያዘው አለቃዬን ቀሰቀስኩ። እስኪደርስ ድረስ ነጥቡ ጠፋ። የደረሰብኝን ስድብ አልጽፈውም። «መዝገብ ላይ እንዳትጽፍ፤ ከጻፍክ ተኝተህ ነበር ብዬ እከስሃለሁ» አለኝ። 24 ዓመቴ ነበር። ፈራሁ። አልጻፍኩም። ያንተ አለቃ የተናገረህ ቃል የኔውም ነው። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ለዚህ ነው።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከደሞዜ ደብተር ገዛሁ። ነጥቡ በታየ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ብርዱን፣ ነፋሱን እጽፍ ጀመር። በሁለት ወር 11 ጊዜ ጻፍኩ። 11ዱም ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት፣ ብርዱ የሚጋረፍ ነበር። ደመና ባለበት ሌሊት አንዴም አልመጣም። አንድ የቆየ ባለሙያ ደብተሩን አሳየሁትና ወዲያው ገባው። ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ በሌሊት ክፉኛ ይቀዘቅዛል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይበርዳል፤ ከላይ ያለው ሞቅ ይላል። የራዳሩ ሞገድ በዚህ መሃል ሲያልፍ ወደ መሬት ይታጠፋል። ሌላ ጊዜ የማይደርስበትን ሩቅ ተራራ መትቶ ይመለሳል። ያየሁት ተራራ ነበር! በእርግጥ ነበረ፤ እኔ ባሰብኩት ቦታና ዓይነት ግን አልነበረም።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር አየሁ ሲለኝ ሁለት ጥያቄ ለይቼ እጠይቃለሁ። አይቷል ወይ? አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይቷል። ያየው እሱ የመሰለው ነገር ነው ወይ? ይህ ሌላ ሥራ ነው።

እንግሊዝ አገር የሆነውን ተመልከት። በታኅሣሥ 1980 መጨረሻ፣ የአሜሪካ ወታደሮች በሰፈሩበት በቤንትዋተርስና በዉድብሪጅ አጠገብ፣ ሬንድልሻም በሚባል ጫካ ውስጥ ጠባቂዎች መብራት አየን ብለው ገቡ። ቦታው ኒውክሌር መሣሪያ እንደነበረበት በሰፊው ይነገራል። ምክትል አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ቻርልስ ሃልት ከሁለት ሌሊት በኋላ ራሱ ጫካው ውስጥ ገባ። እዚያው እየተራመደ በቴፕ ድምፁን ቀዳ። በዚህ በጣም አደንቀዋለሁ። ቴፑ ላይ መብራቱ ብልጭ ሲል ይናገራል። ሌሎች ሰዎች በኋላ ሲለኩት በብልጭታዎቹ መካከል ያለው ጊዜ አምስት ሰከንድ ገደማ ሆነ። ኦርፎርድ ነስ የሚባለው፣ ለመርከቦች የሚያበራው የባሕር ዳር የመብራት ማማም በየአምስት ሰከንዱ ብልጭ ይል ነበር፤ አቅጣጫውም ያው። ሃልት ይህን እስከዛሬ አይቀበልም። ግን ለክርክሩ የሚሆን ማስረጃ ያገኘነው ከቴፑ ነው። ጥር 13 ቀን 1981 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ቀን አሳስቶታል። 26 የሆነውን 27 ብሎ ጻፈ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ! ይህን ያህል ነው የማስታወስ ችሎታችን።

ሁሉም ነገር ተፈትቷል ብዬ ግን አላታልልህም። ጥቅምት 1975 ሜይን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት በሎሪንግ አየር ኃይል ሰፈር፣ ኒውክሌር መሣሪያ በተከማቸበት ግቢ ላይ፣ ሄሊኮፕተር የሚመስል ነገር ሁለት ሌሊት ዝቅ ብሎ ሲዞር ጠባቂዎች አይተዋል። ማን እንደነበረ አልተያዘም። አንዳንድ ሰው «ሄሊኮፕተር» ሲባል ቅር ይለዋል፤ ከሌላ ዓለም የመጣ እንዲሆንለት ይፈልጋል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሄሊኮፕተሩ ነው። ኒውክሌር ቦምብ ያለበት አጥር ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሁለት ሌሊት ከዞረ፣ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

«ታዲያ ዩፎ ለምን ሚሳይል ያለበት ይበዛል?» ትለኝ ይሆናል። መልሱ አንተ ነህ። የመጋዘኑ ጎረቤቶች ሁሉ 11 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ላይ ናቸው። አንተ ነቅተህ ወደ ላይ የምታይ ብቸኛ ሰው ነህ። የሚሳይል ሰፈርም እንዲሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የነቃ ሰው አለ። ራዳር አለ። ያየውን እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ደንብ አለ። አጠገቡ ያለ ገበሬ ተኝቷል፤ ቢያይም ለማን ይነግራል? ብዙ ዓይን ባለበት ብዙ ይታያል። ሰላይና አዲስ አውሮፕላንም ወደዚያ ያዘነብላሉ፤ የጥጃ ዳስ ላይ ማን ይሰልላል?

ፔንታጎን፣ ማለትም የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ እነዚህን ነገሮች የሚመረምር ቢሮ በ2022 አቋቁሟል። መጋቢት 2024 ባወጣው የታሪክ ዘገባ፣ ከምድር ውጭ የመጣ ቴክኖሎጂ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። እኔም እስካሁን አንድም አላየሁም።

ግን የኤኮን ነገር ሳስብ የማልረሳው ሌላ ቀን አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2010 ዋዮሚንግ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት 50 ሚሳይሎች ከተቆጣጣሪዎቻቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት ለአንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተበላሸ። ሃምሳ! ምክንያቱ ሲጣራ ከቦታው ፈቀቅ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሆኖ ተገኘ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሬዲዮ እጠግናለሁ። በደንብ ያልተሰካ ካርድ ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ አያለሁ። እዚያ ከተማ የሚያጠፋ ቦምብ፣ እዚህ ዜና የሚያወራ ሬዲዮ፤ ብልሽታቸው አንድ ነው። ሌሊት ሲጨንቀኝ የሚጨንቀኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሥራህ። ደብተር ግዛ። ከሽፋኑ ላይ ስምህን አትጻፍበት። እንደገና ብታይ መጀመሪያ ስልክህን አውጥተህ ሰዓቱን እይ፤ እስከ ደቂቃው ጻፈው። ፎቶው ቆይቶ ይደርሳል። ከዚያ ከመጋዘኑ ጣሪያ ወይም ከዛፉ አንጻር የት ጋ እንደጀመረና የት ጋ እንደጠፋ ጻፍ። እጅህን ዘርግተህ ስንት ጣት ያህል ርዝመት እንዳለው ለካ። ስንት መብራት እንደሆነ ቁጠር። ደመና፣ ጨረቃ፣ ነፋስ። መብራት ከጠፋ እሱንም በሰዓቱ ጻፍ፤ መብራት በጠፋበት ግን ሰማይ ባዶ በሆነበት ሌሊትም ጻፍ። ይህኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ለአለቃህ የምትነግረው በቃል አይሁን፤ ደብተሩን አሳየው። ሁለት ወር ከሞላህ በኋላ ወደ ፈረንጅ አራዳ ብቅ በል፤ አብረን እናየዋለን። ቡናውን እኔ አስፈላለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሚደበቅ ነገር ከሌለ አሜሪካኖች እነዚህን ሰነዶች ለምን በምስጢር ያዙ?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ የሚደበቅማ ነገር አለ! የራሳቸው መሣሪያ። ዩ-2 የሚባለው የስለላ አውሮፕላን በ1950ዎቹ ማንም ባልደረሰበት ከፍታ ሲበር፣ ያዩት ሰዎች ዩፎ ብለው ያመለክቱ ነበር። የአየር ኃይል መርማሪዎች ነገሩን ቢያውቁም እውነቱን መናገር አይችሉም ነበር። ብሉ ቡክ የተባለው ምርመራቸው በ1969 ሲዘጋ 12,618 ሪፖርት ተመዝግቦ 701ዱ ሳይታወቅ ቀርቷል። በየካቲት 2023 ደግሞ የቻይና ፊኛ በዚያው በሞንታና ሰማይ ላይ ታየ፤ በኋላ ደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ላይ ተመቶ ወደቀ። ምስጢር ሲበዛ ሰው ክፍተቱን በራሱ ታሪክ ይሞላዋል፤ በሰዎቹ አልፈርድም። ያላወቁትን ግን «ከሌላ ዓለም ነው» ብለህ አትሙላው። 701ዱ ያልታወቁ ናቸው፤ በቃ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ አገር ኒውክሌር ቦምብ አለ? ዩፎ ወደ እኛ ይመጣል?
የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ

መልስ፦ የለም የኔ ልጅ። መላው አፍሪካ ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ነው። በ1996 ካይሮ ላይ ለፊርማ የቀረበና ከ2009 ጀምሮ የጸና ስምምነት አለ፤ ስሙ ፔሊንዳባ ይባላል። ፔሊንዳባ የደቡብ አፍሪካ የኒውክሌር ምርምር ጣቢያ ያለበት ቦታ ነው። ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምብ ሠርታ ነበር፤ በራሷ ፈቃድ ሁሉንም ፈታታ አፈረሰቻቸው። ጥር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ 11 ሰዓት ላይ እናትሽን አስፈቅደሽ ደጅ ውጪና ወደ ላይ እይ። ተደርድረው የሚሄዱ መብራቶች ካየሽ ቁጠሪያቸው፤ ስንት እንደሆኑም ጻፊልኝ።